«ኔትወርክ ነው»

በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ የሰውን ትዕግሥት ለመፈተን ታስበው የተሠሩ ከሚመስሉ ነገሮች አንዱ፣ ሩቅ ቦታ ባለ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራን ፕሮግራም መስኮቱን ብቻ ነጥሎ ተጠቃሚው ፊት ባለው ስክሪን ላይ የመክፈት ዘዴ ነው። ሲነገር ቀላል ነው፤ ስሌቱንና ድካሙን ሁሉ ሩቅ ያለው ትልቅ ኮምፒዩተር ይሸከማል፣ ሥዕሉና ሜኑው ግን ባለቤቱ ጉልበት ላይ በተቀመጠው ላፕቶፕ ይታያል፣ ባለቤቱ ማውስ ባንቀሳቀሰና ፊደል በነካ ቁጥርም ትእዛዙ ወደዚያው ወደ ሩቁ ማሽን ይሄዳል። ሲሠራ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት አገር የተቀመጠ ይመስለዋል። ሳይሠራ ሲቀር ግን ፕሮግራሙ «ዲስፕሌዩን መክፈት አልተቻለም» የሚል አንድ መስመር ጥሎ ዝም ይላል፤ ዲስፕሌይ ማለት በሙያው አነጋገር መስኮቱ የሚዘረጋበት ስክሪን ከኪቦርዱና ከማውሱ ጋር በአንድነት ነው። ይህች መስመር ላሊበላ ከተማ ውስጥ በአንድ የሆቴል ሳሎን ስትነበብ ትርጓሜዋ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ባለላፕቶፑ ራሱን ነቅንቆ «ኔትወርክ ነው» ይላል፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ሰው ሳይጠየቅ ያጸድቅለታል።

የዘዴው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡ ኮምፒዩተሮች ለተማሪው ሁሉ እኩል እንዲያገለግሉ ታስቦ በተጀመረው ፕሮጀክት አቴና ውስጥ፣ ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ኤክስ የተባለውን የመስኮት ሥርዓት ጀመሩ፤ በ1987 የወጣው 11ኛው እትም እስከ ዛሬ ኤክስ 11 እየተባለ ይጠራል። ሥርዓቱ ከጅምሩ ፕሮግራሙ አንድ ቦታ፣ መስኮቱ ሌላ ቦታ እንዲሆኑ ተደርጎ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሁሉ ሽፋን አልነበረውምና መሥመሩ ላይ ያደፈጠ ሰው የሚተየበውን የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል መልቀም ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ኡሎነን፣ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ በይለፍ ቃል ሌቦች ከተደፈረ በኋላ፣ ኤስኤስኤች የተባለውን ግንኙነትን በምስጢራዊ ኮድ የሚሸፍን ፕሮግራም ጻፈ፤ ኤስኤስኤች የሩቁን ኮምፒዩተር በጽሑፍ ከማዘዝ አልፎ የኤክስ 11ን መልእክት በሆዱ ይዞ ያሳልፋል። አሠራሩን ለመረዳት ላሊበላን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሻግረው ጨለማ የዐለት ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ሰው በላይ ለሚሄደው እንደማይታይ ሁሉ፣ በኤስኤስኤች ዋሻ የሚያልፈውም መስኮት ለመንገደኛ አይታይም፣ በሁለቱም ዋሻ ደግሞ ራሱ አላፊው ግድግዳ እየዳበሰ ካልሄደ ግንባሩን መግጨቱ አይቀርም።

ላሊበላ ያለችበት የላስታ ደጋ ለጉዳዩ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የእንጦጦን የከዋክብት መመልከቻ፣ በ3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ካላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ጋር ካቆመ በኋላ፣ የክረምቱ ደመናና ከሥር እየሰፋ የሄደው የአዲስ አበባ መብራት ለከዋክብት ምርምር ስለማይመቹ፣ የወደፊቱ ትልቅ መመልከቻ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ቢሠራ የሚል ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከላሊበላ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፣ አካባቢውም ጨለማ በሽ ነው፣ የተፈጥሮውም መብራት ሲጠፋ የሚመጣውም። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ግን እንዲህ ባለ ተራራ ላይ ሌሊቱን ቆሞ አያድርም። ብርዱን ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ትቶ ከሞቀ ቤት ሆኖ በኤስኤስኤች ወደ መመልከቻው ኮምፒዩተር ይገባል፣ ዲኤስ 9 የተባለውን የከዋክብት ምስል ማሳያ ፕሮግራምም በኤክስ 11 በኩል ወደ ራሱ ስክሪን ይስባል። እንግዲህ ዕቅዱ አንድ ቀን ቢፈጸም፣ ከተራራው ጫፍ ወደ ከተማ ከሚወርዱት መልእክቶች መካከል ያቺው «ዲስፕሌዩን መክፈት አልተቻለም» የምትለው እንደምትገኝ አያጠራጥርም፤ ቀይ ቀበሮውም ምስክርነቱን ቢጠየቅ «ኔትወርክ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ቴሌስኮፑ እስኪቆም ድረስ የችግሩ ባለቤት የድኅረ ምረቃ ተማሪው ነው። ይህ ሰው የላስታ ተወላጅ ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ የሚማር፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ስሌት በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ቀን ከሌት የሚሠራ፣ ለገና ግን ከእናቱ ቤት መቅረት የማይችል ሰው ነው። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ከየአቅጣጫው በእግርም በመኪናም የሚጎርፈው ምእመን ከተማዋን ሲሞላት፣ እያንዳንዱ ምእመን በኪሱ ስልክ፣ እያንዳንዱም ስልክ ለዘመድ የሚላክ ቪዲዮ አለውና፣ የሞባይል ዳታው ሲተነፍስ ይውላል። ተማሪው ዋይፋይ አለ የተባለበትን ሆቴል ፈልጎ ሻይ ያዛል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ በኤስኤስኤች ይገባል፣ ሥዕላዊውን ፕሮግራም ይጠራል፣ ያችን መስመርም ያነባል።

እዚህ ላይ «ኔትወርክ ነው» የሚለው ፍርድ ከሜዳ የተነሣ እንዳልሆነ መመስከር ያስፈልጋል። ላስታ ኔትወርክ በእውነት የሚጠፋበት አገር ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በደረሰው ጦርነት ላሊበላ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ወራትን አሳልፋለች፣ ከዚያም ወዲህ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ያየ ሰው ማንኛውንም ብልሽት መጀመሪያ ለኔትወርክ ቢሰጥ በተሞክሮ ነው። ችግሩ ፍርዱ በባንክ መስኮት፣ በቀበሌ ጠረጴዛና በፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ማብቂያ ሆኖ ማገልገሉ ነው፤ «ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ ማንም ሰው ምን ሲስተም፣ የትኛው ሲስተም ብሎ አይጠይቅም። ይህ የኤክስ 11 ብልሽት ደግሞ ያን ፍርድ ፈጽሞ አይቀበልም፣ ምክንያቱም መልእክቱን ያደረሰው ራሱ ኔትወርኩ ነው። «ዲስፕሌዩን መክፈት አልተቻለም» ያለው ሩቅ ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ ቃሉ አዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላ ሆቴል ድረስ ደርሶ የተነበበው መንገዱ ደኅና ስለነበረ ነው።

ሆኖም በሳሎኑ ውስጥ ይህን የሚያስብ የለም። ተማሪው ሲያዝን ያየችው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ «ወንድሜ፣ እንቢ አለህ?» ትላለች። «አዎ እታለም፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» ይላታል። «ቆየኝ፣ ነቅዬ ልሰካው» ብላ፣ መልሱን ሳትጠብቅ፣ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ትልና የራውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ትነቅላለች፤ ራውተር ማለት የሆቴሉን ስልኮችና ላፕቶፖች ሁሉ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው አንቴናው የቆመው ሳጥን ነው። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ይጠፋሉ፣ በሳሎኑ ያሉት እንግዶች ሁሉ ስልካቸውን ቀና አድርገው ያያሉ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዳች ነቀፋ ያልነበረበት የኤስኤስኤች ግንኙነትም ይበጠሳል። ራውተሩ ተመልሶ ሲነሣ መቶ ስልክ በአንድ ጊዜ ይንጠለጠልበታል፣ ተማሪው እንደገና ለመግባት ቢሞክር አልገባ ይለዋል፣ ልጅቱም በርኅራኄ «አላልኩህም? ኔትወርክ ነው» ትለዋለች። በሕክምናም ሆነ በሕግ ታሪክ የተሳሳተ ምርመራ በገዛ እጁ ራሱን እውነት ያደረገበት እንዲህ ያለ ፈጣን ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ ሩቁን ኮምፒዩተር ራሱን መጠየቅ ይበቃል። ወደዚያ ከተገባ በኋላ «ኤኮ ዶላር ዲስፕሌይ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጠው፣ መስኮት የሚከፍተው በየት በኩል እንደሆነ ያሳያል። ጤናማው መልስ «ሎካልሆስት፡10.0» የሚል ነው፤ ሎካልሆስት ማለት ያው ማሽን ራሱ ማለት ነው፣ 10 የተባለውም ኤስኤስኤች ለእውነተኛ ስክሪኖች የሚሆኑትን ዝቅተኛ ቁጥሮች ትቶ ከ10 ስለሚጀምር ነው፣ በሙያው አነጋገር ፖርት የሚባሉት የኤክስ 11 በሮች ከ6000 ስለሚቆጠሩም ይህኛው በር 6010 ይሆናል። መልሱ ባዶ መስመር ከሆነ ግን ዋሻው ከመጀመሪያው አልተቆፈረም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤስኤስኤች ሲጠራ ትልቁ ኤክስ አለመጨመሩ ነው፤ ትልቁ ኤክስ መስኮት ይምጣልኝ ማለት ሲሆን፣ ትንሹ ኤክስ ደግሞ በተቃራኒው መስኮት እንዳይመጣብኝ ማለት ነው፣ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ በግእዝ ፊደል ያደገ ሰው እዚህ ላይ ቢወድቅ ሊፈረድበት አይገባም። ትልቁ ኤክስ ተጨምሮም ባዶ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሩቁ ኮምፒዩተር አስተዳዳሪ በኤስኤስኤች ደንብ መጻፊያ ፋይል ላይ የኤክስ 11 ማሳለፍን አልፈቀደም፤ ካልተነካ በቀር በብዛት የሚሠራበት የኤስኤስኤች ዓይነት፣ የኦፕንኤስኤስኤች፣ ልማድ መከልከል ነውና። በዚህ ጊዜ ፋይሉን የሚያርመው፣ አርሞም አገልግሎቱን የሚያስነሣው አስተዳዳሪው ብቻ ስለሆነ ተማሪው ስልክ ይደውላል፤ አስተዳዳሪውም ለገና አገሩ ገብቷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የይለፍ ምልክቱ ነገር ነው። ኤክስ 11 በተለምዶ መስኮት እንዲከፍት የሚፈቅደው «ማጂክ ኩኪ» የተባለ የ128 ቢት ምስጢራዊ ቁጥር ለሚያሳይ ፕሮግራም ብቻ ነው። ኤስኤስኤች በጥንቃቄው እውነተኛውን ቁጥር ለሩቁ ኮምፒዩተር አይሰጥም፤ ሐሰተኛ ቁጥር ሠርቶ ይልካል፣ ፕሮግራሙ ሐሰተኛውን ይዞ በዋሻው ሲመጣ በዚህኛው ጫፍ በእውነተኛው ይተካዋል፣ ሩቁ ኮምፒዩተር በሌባ እጅ ቢወድቅ እንኳ እውነተኛው ምስጢር እንዳይወጣ ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሚመዘግበው «ኤክስ ኦዝ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ የሚመዘግበውም በተጠቃሚው መኖሪያ ማህደር ውስጥ ባለ አንድ የተደበቀ ፋይል ላይ ነው። ኤክስ ኦዝ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ካልተጫነ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሳለ መስኮቱ አይመጣም። ተጭኖም የተጠቃሚው የዲስክ ድርሻ ከሞላ የሚጽፍበት አያገኝም፤ የታናሽ እህቱን የሠርግ ቪዲዮ ለጥንቃቄ ብሎ በዩኒቨርሲቲው ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ፣ ቪዲዮው የምርምሩን መስኮት እንደዘጋበት ቢነገረው አያምንም፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። ኤክስ ኦዝ በሥራ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ድንገት ከተቋረጠም ፋይሉን የቆለፈበትን ምልክት ትቶ ስለሚሄድ፣ ቀጣዩ ሙከራ ቁልፉ እስኪፈታ ይጠብቅና ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ መፍትሔው የተረሱትን ሁለት የመቆለፊያ ፋይሎች ማጥፋት ብቻ ነው።

አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ መስኮቱ እንቢ ሲለው በ«ሱዱ» ራሱን ወደ አለቃነት ከፍ አድርጎ ይሞክራል፤ ሱዱ ማለት ለአንድ ትእዛዝ ያህል የማሽኑን የበላይ ሥልጣን መዋስ ነው። ምልክቱ የተመዘገበው በተማሪው ስም እንጂ በአለቃው ስም ስላልሆነ፣ ቀድሞ ይከፈት የነበረው መስኮት እንኳ አሁን ይከለክለዋል። ሥልጣን ሲጨምር በር የሚዘጋበት ቦታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር የለም።

በራሱ በላፕቶፑ በኩል ያለው ጥፋት ቶሎ ይነገራል። መስኮት የሚዘረጋው ሥርዓት ከተጠቃሚው ዘንድ መኖር አለበት፤ ሊኑክስ አብሮት የሚሄድ መስኮት ዘርጊ አለው፣ ዊንዶውስ ግን ቪሲኤክስሰርቭን ወይም ኤክስሚንግን የመሰለ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የራሱን ኤክስ 11 ከማክ ስላስወጣ የማክ ባለቤት ኤክስኳርትዝን መጫን አለበት። ይህን ሳይጭኑ መስኮት መጠበቅ እንግዳ ጠርቶ መቀመጫ አለማዘጋጀት ነው፣ ይሁንና ጥፋቱ እዚህም ለኔትወርክ ሲሰጥ ይሰማል።

ቡና ተጠጥቶ ሲመለሱ የሚገጥመው እንቢታ ግን ልዩ ምርምር የሚገባው ነው። በትልቁ ኤክስ የሚከፈተው ዋሻ ሩቁን ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ የማያምን ነው፤ ፕሮግራሙ ሌሎች መስኮቶችን እንዳይሰልልና በኪቦርዱ የሚተየበውን እንዳያዳምጥ ይገደባል፣ የይለፍ ምልክቱም፣ ደንቡ ካልተለወጠ በቀር፣ በ20 ደቂቃ ያልፍበታል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚጠራ አዲስ መስኮት ተቀባይነት የለውም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ላስታ ውስጥ ቡና ጠጥተው እንደማያውቁ ግልጽ ነው፤ ተማሪው አንዱን መስኮት በደኅና ከፍቶ፣ እናቱ «ና ቡና ደርሷል» ሲሉት ተነሥቶ፣ አቦሉን ጠጥቶ፣ በቶናው ጊዜ የጎረቤት ወሬ ሰምቶ፣ በረካውን ሳይመረቅ መሄድ ነውር ስለሆነ ምርቃቱን ተቀብሎ ሲመለስ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሁለተኛውን መስኮት ሲጠራም እንቢ ይለዋል። ሲሄድ ይሠራ የነበረ ነገር ሲመለስ ካልሠራ ምን ይባላል? ተማሪውም እናቱም መልሱን ያውቁታል። እውነተኛው መፍትሔ ግን የጊዜ ገደቡን በኤስኤስኤች ደንብ ማርዘም ወይም በትልቁ ኤክስ ፋንታ ትልቁን ዋይ መጠቀም ነው፤ ትልቁ ዋይ ሩቁን ኮምፒዩተር ያለ ገደብ ያምናል፣ ስለዚህም የማያውቁት ማሽን ላይ አይሞከርም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ሊኑክስ ትልቁ ኤክስም ከፋብሪካው እንደ ትልቁ ዋይ አማኝ ሆኖ ስለሚመጣ፣ የአንዱ ተማሪ መስኮት ከቡና በኋላ ሲከፈት የጓደኛው ሳይከፈት ይቀራል፣ ሁለቱም ነገሩን የዕድል አድርገው ይወስዱታል።

ኔትወርክ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም መስኮቱ መጥቶ የተጎተተ ጊዜ ነው። ኤክስ 11 ጠያቂ ሥርዓት ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ መስኮት ለመዘርጋት ስለ ፊደል ቅርጹ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ስፋቱ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም መልሱ ሳይደርሰው ቀጣዩን አይጠይቅም። አንድ ፕሮግራም 400 ጊዜ ጠይቆ የሚጠብቅ ቢሆን፣ ከላሊበላ አውሮፓ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ መስኮቱ ብቅ እስኪል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይሄዳል። ይህ የኢንተርኔቱ ጥቅል ቢጨመር የሚሻል አይደለም፤ የሚገዛው ጊጋባይት የሚያልፈውን ጭነት መጠን እንጂ የመንገዱን ርዝመት አይለውጥም፣ ኢትዮጵያም የባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ ወደ ባሕር ኬብሉ የሚደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ዞሮ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ኤክስፕራ ወይም ኤክስ 2 ጎ የተባሉት ፕሮግራሞች ጥያቄና መልሱን በአብዛኛው እዚያው ሩቅ ቦታ ጨርሰው የቀረውን ብቻ ስለሚልኩ ይሻላሉ፤ ግንኙነቱ ቢበጠስም ፕሮግራሙን ሳይገድሉ ያቆዩታል፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሁሉ የሚሻለው ብዙ ጊዜ መስኮቱን ጭራሽ አለመጥራት ነው። ግራፉን እዚያው በፋይል አስቀምጦ ፋይሉን ብቻ መላክ፣ ውጤቱን ማየት እንጂ መነካካት ለማይፈልግ ሰው፣ ከማንኛውም ዋሻ ፈጣን ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን ፕሮግራሙ በርቀት ሲከፈት የማየት ደስታ ስለሚበልጥበት ይህን ምክር አይወድም።

ሥርዓቱ ራሱ አርጅቷል። ዌይላንድ የተባለው አዲስ የመስኮት ሥርዓት እየተካው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 የቀድሞውን የኤክስ 11 መስኮት ዘርጊ አስወጥቶ፣ ለአሮጌ ፕሮግራሞች ማረፊያ እንዲሆን ኤክስዌይላንድን ብቻ አስቀርቷል። በኤክስዌይላንድ በኩል የሩቅ መስኮት ዛሬም ይከፈታል፣ ከዚህ በላይ የተነገሩት ጥፋቶችም አብረውት ተሻግረዋል። ስለዚህ በላስታ ደጋ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ያችን መስመር ያነበበ ሰው፣ መጀመሪያ «ኤኮ ዶላር ዲስፕሌይ» ብሎ ሩቁን ማሽን ይጠይቅ፣ ቀጥሎም ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይመልከት፤ የሆቴሉንም ራውተር፣ በሳሎኑ ስላሉት ሌሎች እንግዶች ሲባል፣ እባክዎ አያስነቅሉ።